ኖርዌይ ዝናብ ሲጠፋ ዴንማርክ ለምን ጨሰች?

የዴንማርክን የካርቦን ልቀት የሚያሳየውን መስመር ከ1970ዎቹ እስከ ዛሬ በጣታችሁ ብትከተሉት አንድ ቦታ ላይ ጣታችሁ ይቆማል። 1996 ላይ። (አንዷን ለብቻ ከምጠቅሳት የኛ ዓመት በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት አገሪቱ ከነዳጅና ከከሰል የለቀቀችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ70 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1990፣ ከ50 ሚሊዮን ቶን ትንሽ ነው የሚበልጠው።

ምን ተፈጠረ? የሕዝቡ ቁጥር በድንገት አልጨመረም። በየቦታው አዲስ ፋብሪካ አልተተከለም። የዚያ ዓመት ብርድ ጠንከር ያለ ነበር፤ ቤት ለማሞቅ ትንሽ ተጨማሪ ነዳጅ ሄዷል። ትልቁ ምክንያት ግን ከአገሩ ውጭ ነው። ኖርዌይ ዝናብ ጠፋ።

ኖርዌይ እንደኛ የግድብ አገር ናት። መብራቷን ከሞላ ጎደል በሙሉ የምታገኘው ከውሃ ነው። ስዊድንም ከመብራቷ ትልቅ ድርሻ ከውሃ ታመነጫለች። በ1996 ዝናቡና በረዶው ቀነሰ፣ ግድቦቹ ጎደሉ። ያኔ ዴንማርክ የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎቿን በሙሉ ኃይል አስነስታ ለጎረቤቶቿ መብራት ሸጠች። የሸጠችው ከ15 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ይህ ራሷ በዓመት ከምትጠቀመው ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አምፖሉ የበራው ሌላ አገር ነው። ከሰሉ የነደደው ዴንማርክ ስለሆነ ጭሱ በዴንማርክ ስም ተመዘገበ።

1990 ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነበር። ኖርዌይ በደንብ ዘነበ፣ ርካሽ መብራት ተትረፈረፈ፣ ዴንማርክም ከሰሏን ቆጥባ ከጎረቤት ገዛች። ስለዚህ የ1990 ልቀቷ ከወትሮው ያነሰ ሆነ። ችግሩ 1990 ተራ ዓመት አለመሆኑ ነው። የዓለም የአየር ንብረት ድርድሮች «ከ1990 በዚህን ያህል ቀንሱ» ሲሉ መነሻ ያደረጉት እሱን ነው። የኪዮቶ ስምምነት ግዴታ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ሲከፋፈል ለዴንማርክ የደረሳት 21 በመቶ ቅነሳ ነበር። መነሻዋ ደግሞ ዝናብ ያሳነሰው ቁጥር። ዴንማርኮች በዚህ ጉዳይ ብራስልስ ድረስ ለዓመታት ተከራክረዋል፤ በኔ እምነት ክርክራቸው ተገቢ ነበር።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «እከሌ አገር ልቀቷን በአንድ ዓመት 8 በመቶ ቀነሰች» የሚል ዜና በየጊዜው እናያለን። ትንሽ አገር ስትሆን እንዲህ ያለ ቁጥር እጅግ ያሳስታል። ጥቂት የኃይል ጣቢያ ያላት አገር አንዱ ለጥገና ሲዘጋ፣ ጎረቤቷ ዝናብ ሲያገኝ፣ ብርዱ ሲለዝብ ቁጥሯ ይወርዳል። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይወጣል። እውነቱን የሚናገረው የ30 እና የ50 ዓመቱ መስመር ነው። ለዚህ ነው የዴንማርክ የኃይል ኤጀንሲ ለረጅም ጊዜ ሁለት ቁጥር ሲያወጣ የኖረው። አንዱ በእርግጥ የተለቀቀው ነው። ሌላው ደግሞ የብርዱ መጠንና ከጎረቤት ጋር የተደረገው የመብራት ግብይት ተስተካክሎ፣ «ዓመቱ እንደወትሮው ቢሆን ኖሮ» ይለቀቅ የነበረው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ጭስ ማውጫ ላይ ቆሞ የሚመዝን ሰው ያለ ይመስለን ይሆናል። አብዛኛው ሥራ ግን የሒሳብ መዝገብ ነው። አገሩ ውስጥ ስንት ቶን ከሰል፣ ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ስንት ጋዝ ተቃጠለ? ያ ይደመራል። ከዚያ እያንዳንዱ ነዳጅ በውስጡ ባለው ካርቦን ይባዛል።

አንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ሲቃጠል ግን 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከገባው የወጣው እንዴት በለጠ? ካርቦኑ ሲነድ ከአየር ላይ ኦክስጅን ይዞ ስለሚሄድ ነው። 12 ኪሎ ካርቦን 32 ኪሎ ኦክስጅን ይጨምርና 44 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። ትምህርት ቤት የተማርነው ኬሚስትሪ ነው፤ የአገሮች ሪፖርት ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው።

ነዳጅ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ለተመሳሳይ ሙቀት የድንጋይ ከሰል ከነዳጅ ዘይት በሩብ ያህል የበለጠ ካርቦን ይለቃል። የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ከከሰል በ40 በመቶ ያህል ያነሰ። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ትመጣለች።

አሁን አንድ ግቢ አስቡ። ግቢው ውስጥ በሳምንት የሚወጣው ጭስ በአራት ነገር ይወሰናል። ስንት ሰው ይኖራል? እያንዳንዱ ስንት እንጀራ ይበላል? አንድ እንጀራ ለመጋገር ምን ያህል እሳት ይፈጃል? እሳቱስ የምን ነው፣ የእርጥብ እንጨት፣ የከሰል ወይስ የኤሌክትሪክ? ሰው ሳይቀንስና ማንም ሳይራብ ጭሱን መቀነስ ይቻላል። ምጣዱን በደንብ መክደን፣ ምጣዱ ከጋለ ሳይበርድ አከታትሎ መጋገር፣ ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ እሳት መጋገር። ወይም እሳቱን ራሱን መለወጥ።

የአገር ሒሳብም ይኸው ነው። የሕዝብ ብዛት፣ የኑሮ ደረጃ፣ የኃይል አጠቃቀም ብልሃት፣ የኃይሉ ንጽሕና። በዴንማርክ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ላይ ነው የገፉት። ሕዝቡ ከ5 ሚሊዮን ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። ኢኮኖሚው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሆኖም አገሩ በዓመት የሚፈጀው ጠቅላላ ኃይል ያኔ ከነበረው አልጨመረም፣ እንዲያውም ትንሽ ያንሳል። ልቀቱ ደግሞ አሁን ከ30 ሚሊዮን ቶን በታች ነው። በኛ በኩንታል ላስቀምጠው። በ1990 ለአንድ ዴንማርካዊ 100 ኩንታል ያህል ይደርሰው ነበር። ዛሬ 50 አይሞላም። (ለኛ ለአንድ ሰው ከነዳጅና ከከሰል የሚደርሰን ሁለት ኩንታል እንኳን አይሆንም።)

መጀመሪያ ወደ ባሰው

ብዙ ሰው ዴንማርክን ሲያስብ የሚታየው የነፋስ ተርባይን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን በነዳጅ ድንጋጤ ነው። በ1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ነዳጅ ሲያስወድድ ዴንማርክ ከኃይሏ ከ90 በመቶ በላይ የምታገኘው ከነዳጅ ዘይት ነበር፤ እሱንም በሙሉ ማለት ይቻላል ከውጭ እያስገባች። መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና መንዳት ከለከለ። ሰዎች አውራ ጎዳና ላይ በእግርና በብስክሌት ሄዱ።

ታዲያ አገሪቱ ምን አደረገች? ወደ ድንጋይ ከሰል ዞረች። ጣቢያዎቹ ከነዳጅ ዘይት ወደ ከሰል ተቀየሩ። በ1990 አካባቢ ከመብራቷ አሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ከከሰል ነበር። ያችን ልዩነት አስታወሳችኋት? ከሰል ለተመሳሳይ ሙቀት ከነዳጅ ዘይት የበለጠ ይለቃል። ስለዚህ የኃይል ቁጠባው በደንብ እየተሠራ እንኳን፣ በነዚያ 20 ዓመታት ልቀቱ የረባ ቅናሽ አላሳየም። አንዱ እጅ ሲያወርድ ሌላው ይጭን ነበር።

ዴንማርኮችን ለዚህ መውቀስ አይገባም ባይ ነኝ። ያኔ ጥያቄው «ነገ ነዳጅ ቢቋረጥብን ልጆቻችን በምን ይሞቃሉ?» የሚል ነበር። የአየር ንብረት ነገር ገና የፖለቲካ አጀንዳ አልሆነም። በ1985 ደግሞ ፓርላማው የኒውክሌር ኃይል ከእቅዱ እንዲወጣ ወሰነ። በዚያ ላይ ንጹሕ አማራጩ የበለጠ ጠበበ።

ከመሬት በታች ያለው ሥራ

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ቧንቧው ነው።

የከሰል ጣቢያ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ከሰሉ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ መብራት ያመነጫል። ከ100 እጅ ሙቀት ግን መብራት የሚሆነው 40 ቢሆን ነው። የቀረው 60 ወደ ባሕር ወይም ወደ አየር ይጣላል። ከግማሽ በላይ! እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ምድር ቤቱ ባለው ቦይለር የራሱን ነዳጅ አቃጥሎ ይሞቃል።

ዴንማርክ በ1979 የሙቀት አቅርቦት ሕግ አወጣች። ማዘጋጃ ቤቶች ከተማቸውን ሰፈር በሰፈር ከፋፍለው እንዲያቅዱ ታዘዙ፤ ይህ ሰፈር በጋዝ፣ ያ ሰፈር በሙቅ ውሃ ቧንቧ። ጣቢያው ይጥለው የነበረው ሙቀት ውሃ ያሞቅና በአስፋልት ሥር በተቀበረ ቧንቧ ወደየቤቱ ይሄዳል። ቤቱን አሙቆ፣ በርዶ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞቃል። በብዙ ቦታ ነዋሪው «እኔ አልፈልግም» ማለት አይችልም ነበር፤ ቤቱን ከቧንቧው ጋር ማገናኘት ግዴታ ሆነ። ዛሬ ከሦስት ቤተሰብ ሁለቱ ገደማ የሚሞቁት በዚህ ነው። አንዱ ከሰል መብራትም ሆነ፣ እንፋሎትም ሆነ፣ ራዲያተርም ሆነ።

ግዴታው ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥት ቤትህን በምን እንደምታሞቅ ሲወስንልህ ቅር ሊልህ ይችላል። ቧንቧው ግን ሰፈር ሙሉ ካልገባበት አያዋጣም። አንዱ ገብቶ አንዱ ከቀረ ወጪው በገባው ላይ ይወድቃል። ድርጅቶቹ ደግሞ ትርፍ እንዳይዙ በሕግ ተከለከሉ፤ ነዋሪው የሚከፍለው የሚያስወጣውን ያህል ብቻ ሆነ። ሰዉ የተስማማው በዚህ ይመስለኛል።

ከቧንቧው ጎን ቀረጥ ነበር። በ1986 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ሌሎች አገሮች እፎይ ብለው ወደ ድሮ ልማዳቸው ተመለሱ። ዴንማርክ የኃይል ቀረጧን ጨመረች፤ ዋጋው ለተጠቃሚው እንዳይወድቅ። በ1992 ደግሞ በካርቦኑ ላይ ራሱን የቻለ ግብር ጣለች፣ ከዓለም ቀደምት ከሆኑት አገሮች አንዷ ሆና። ከራሷ የሰሜን ባሕር ጉድጓዶች ከ1984 ጀምሮ የወጣው የተፈጥሮ ጋዝም የከሰሉን ድርሻ መብላት ጀመረ።

ነፋሱና ግድቡ

አሁን ተርባይኖቹ። ፖል ላ ኩር የሚባል የዴንማርክ መምህር በ1891 አስኮቭ በተባለ መንደር በነፋስ መብራት ያመነጭ ነበር። ከነዳጁ ድንጋጤ በኋላ አንጥረኞች፣ ገበሬዎች፣ መምህራን ሐሳቡን እንደገና አነሱት። በ1978 ትቪንድ በተባለ ቦታ መምህራንና በጎ ፈቃደኞች በገዛ እጃቸው ያኔ በዓለም ትልቁ የነበረውን ተርባይን አቆሙ። በ1991 ቪንደቢ አጠገብ 11 ተርባይኖች ባሕር ውስጥ ተተከሉ። በዓለም የመጀመሪያው የባሕር የነፋስ ጣቢያ ነበር። በ2000 ከኮፐንሃገን ዳርቻ ፊት ለፊት 20 ተርባይን ተሰለፈ፤ ግማሹ ከ8,000 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነው። ተርባይኑ የራስህ ሲሆን ድምፁ ብዙም አያስቸግርህም።

ዛሬ በዴንማርክ ከሚመነጨው መብራት ከግማሽ በላይ የነፋስ ነው። ነፋስ ግን ሲፈልግ ይነፍሳል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ታዲያ እንዴት ይቻላል?

የኖርዌይ ዝናብ እዚህ ተመልሶ ይመጣል። በ1996 የከሰል መብራት ወደ ሰሜን ይጭን የነበረው የባሕር ሥር መስመር ዛሬ ነፋስ ይጭናል። ዴንማርክ ላይ ብርቱ ነፋስ ሲነሳ ኖርዌይ የግድቧን በር ትዘጋና የዴንማርክን መብራት ትጠቀማለች። ውሃው ይጠራቀማል። ነፋሱ ሲተኛ በሩ ይከፈታል፣ መብራቱ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ግድቡ እንደ ባትሪ ያገለግላል።

ይህን የምጽፈው የኛን ነገር እያሰብኩ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውሃ ጎድሎ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ ብዙዎቻችን አንረሳውም። ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆሞ ነበር። እኛ ጋ ነፋሱ የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በበጋው ወራት ነው። ልክ ግድቡ እየጎደለ ሲሄድ ማለት ነው። አዳማ ላይ የቆሙት ተርባይኖች ትልቁ ጥቅማቸው ይኸው ይመስለኛል፤ ውሃውን ያቆዩልናል። አርሲ ውስጥ 100 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የአሰላ የነፋስ ጣቢያም ገንዘቡ በእርዳታና በብድር የመጣው በዴንማርክ በኩል ነው።

መስመሩ የማይናገረው

እስካሁን ያልኩት የሚያስመሰግን ነው። ግን ቁጥሩ ውስጥ ያልገባውንም ማወቅ አለብን።

ዋናው እንጨት ነው። ከሰል ያነዱ የነበሩ በርካታ ጣቢያዎች አሁን የሚያነዱት የታመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ከኮፐንሃገን ደቡብ ያለው አቬዶሬ አንዱ ነው። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ከባልቲክ አገሮች፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ በመርከብ ይመጣል። ሲነድ ጭስ ማውጫው ላይ የሚወጣው ካርቦን ከከሰሉ አያንስም። መዝገቡ ላይ ግን ዜሮ ተብሎ ይጻፋል።

ማጭበርበር አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ደንቡ ነው። ዛፍ ሲቆረጥ ካርቦኑ በተቆረጠበት አገር የደን መዝገብ ይመዘገባል። ሲቃጠል እንደገና ቢመዘገብ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። እንጨቱ በደቂቃ ይነዳል፣ ምትኩ ለማደግ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ደኑ በደንብ ካልተጠበቀ ደግሞ ምትክም ላይኖር ይችላል። ከዴንማርክ ታዳሽ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ የሚቃጠል ነገር ነው፤ እንጨት፣ ገለባ፣ የቆሻሻ ክፍል። ካርቦኑ በጭስ ማውጫው ቢቆጠር ኖሮ መስመሩ አሁን ካለበት በጣም ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። የኃይል ኤጀንሲው ራሱ ከ2021 ጀምሮ በየዓመቱ፣ አገሪቱ ከድንበሯ ውጭ የምታደርሰውን ተጽዕኖ የሚያሳይ ሪፖርት እንጨቱንም ጨምሮ ያወጣል። አምነው ማውጣታቸውን አከብራለሁ። ከምንም በላይ ሊነበብ የሚገባው ያ ሪፖርት ነው።

የመርከብም አለ። ከዓለም ትልልቅ የኮንቴይነር መርከብ ድርጅቶች አንዱ፣ ማርስክ፣ መቀመጫው ኮፐንሃገን ነው። በውቅያኖስ ላይ የሚነደው ነዳጅ ግን ከየትኛውም አገር ድምር ውስጥ አይገባም። የዓለም አቀፍ በረራም እንደዚሁ። ከቻይና ተሠርቶ የመጣው ቴሌቪዥን ጭስ ለቻይና ተጽፏል። የከብትና የአሳማ እርባታው ጋዝም ዴንማርክ ውስጥ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የኃይል ልቀት ስላልሆነ ብቻ ነው እዚህ የማልገባበት።

ከሚቆጠረው ውስጥ ደግሞ በጣም ያስቸገረው መኪና ነው። መብራቱ ሲጸዳ፣ ቤቱ በቧንቧ ሲሞቅ፣ መንገዱ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አልቀነሰም። መኪና ሲገዛ እስከ 2015 ድረስ እስከ 180 በመቶ ቀረጥ ይከፈል በነበረበት አገር እንኳን! ለውጡ የታየው ዘግይቶ ነው፤ በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከግማሽ በላይ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሆኑ። አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ናቸው።

ሕጉ አሁን የሚለው በ2030 ከ1990ው በ70 በመቶ ቀንሱ ነው። ያው የዝናቡ 1990።

በምዕራቡ ጠረፍ ኤስቢየር የምትባል የወደብ ከተማ አለች። የሰሜን ባሕር ተርባይኖች ወደ መርከብ የሚጫኑት እዚያ ነው። የከሰል ጣቢያዋ በ2024 ተዘጋ። የከተማዋን ቤቶች ለዓመታት ሲያሞቅ የኖረው እሱ ነበር። አሁን በቦታው ካሉት አንዱ ከባሕሩ ውሃ ሙቀት እየመጠጠ የሚያወጣ ግዙፍ ማሽን ነው፤ ፍሪጅ ተገልብጦ እንደማለት። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ ነፋስ በዝቶ መብራት ሲረክስ በደንብ ይሠራል። ከ20,000 የሚበልጥ ቤት ያሞቃል። ሙቀቱ ወደየቤቱ የሚደርሰው ግን ለከሰሉ ጊዜ ተቆፍሮ በተቀበረው በዚያው ቧንቧ ነው።